ባለ ቃታው ዓሣና የደብረ ሲና ዳገት

አንባቢ ሆይ! ከአዲስ አበባ ተነሥተው የደሴን መንገድ ይዘው ቢጓዙ፣ ደብረ ብርሃንን ካለፉ በኋላ ብርዱ እየጠነከረ፣ ሜዳው እየሰፋ፣ ገብሱና የበግ መንጋው እየበዛ ይሄዳል። መንገዱ ግን ወዴት እንደሚያወጣዎ አስቀድሞ አይነግርዎም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጣርማ በር ሲደርሱ ምድሪቱ በድንገት ታልቃለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ውስጥ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) ተራራው ተሰርስሮ የተሠራው ዋሻ 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው። መኪናው መብራቱን አብርቶ ያንን ጨለማ አልፎ ሲወጣ፣ ጉም ካልጋረደዎ በቀር፣ ከእግርዎ በታች ገደል በገደል ላይ፣ እርከን በእርከን ላይ ተደርቦ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ብርዱም ጥቂት ይለዝባል። ደብረ ሲና ከዳገቱ ወገብ ላይ ተቀምጣ ትቀበልዎታለች።

በደብረ ሲና አውቶቡስ ቆመ ማለት ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡ ማለት ነው። መንገደኛው ቆሎውን ገዝቶ፣ እግሩን አፍታቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ይነጕዳል። ከተማዪቱን የሚያውቋት ብዙዎች በዚህች ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህም ያሳዝናል፤ ወፍ ዋሻ የሚባለውን የጽድ ደን ሳያዩ፣ ከአፋፉ ላይ ሣር እየነጨ የሚውለውን ጭላዳ ዝንጀሮ ሳያስተውሉ ያልፋሉና። ስሟንም ቆም ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ደብረ ሲና ማለት የሲና ተራራ ማለት ነው፤ የሲና ተራራ ደግሞ በቀይ ባሕር ሁለት ክንዶች መካከል የቆመ ነው። ስለዚህ ይህች በደጋና በቆላ መካከል የተንጠለጠለች ከተማ የምትጠራው ግራና ቀኙን ባሕር በያዘው ተራራ ስም ነው።

ባሕሩ በስም ብቻ የሚታወሳት አይደለም። በፊት እንግሊዛዊው ሃሪስ በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ተልኮ ሲመጣ፣ ከታጁራ ተነሥቶ በአሳል ሐይቅ በኩል ነው ወደ አንኮበር የወጣው። የአፋር ሲራራ ነጋዴዎችም ከዚያው ሐይቅ ጨው በግመል ጭነው ከአንኮበር ሥር ወዳለው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ያመጡ ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ መንገዱ በኮምቦልቻ ዞሮ እስከ አሰብ ወደብ ስለ ደረሰ፣ የወደቡ ዕቃ በከባድ መኪና ተጭኖ በደብረ ሲና ዳገት ላይ ይጓጓዝ ነበር። ይህም በ1998 ጦርነቱ የአሰብን መንገድ እስኪዘጋው ድረስ ቈየ።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በደብረ ሲና የሚያስተምር ወጣት መምህር፣ ወይም ከወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ የሚያገላብጥ ጀማሪ ጸሐፊ፣ ማታ ማታ በእጅ ስልኩ ላይ በኤውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ከሳሎናቸው ያኖሩትን ባሕር ያያል፦ በትልቅ የመስተዋት ገንዳ ውስጥ ኮራል እንደ አበባ ፈንድቶ፣ ባለ ቀለም ዓሣዎች ሲመላለሱበት። ከእነዚያም መካከል አንዱ ዓሣ ጎልቶ ይታያል፤ ፊቱ ረዥም፣ ከንፈሩ ሥዕለኛ የቀባው የሚመስል፣ ዐይኑ ከአፉ እጅግ ርቆ ከግንባሩ ላይ የተቀመጠ። «ይህ ዓሣ እኮ የቀይ ባሕር ነው፤ ለእኛ ከለንደን ይልቅ ይቀርበናል፤ ታዲያ ከእኔ ቤት ለምን አይኖርም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ሞኝነት የለበትም። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ ዓሣውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዓሣ ስም ቶሎ ይረዳዋል። ባለ ቃታ ዓሣ ይባላል። ከጀርባው ላይ ሦስት እሾኾች አሉት። የመጀመሪያው ትልቅና ጠንካራ ነው፤ ዓሣው ሲያቆመው ሁለተኛው እሾኽ ከኋላው ገብቶ ይቈልፈዋል። ያን ጊዜ ትልቁን እሾኽ በኀይል ቢጫኑት ይሰበር ይሆናል እንጂ አይታጠፍም። ሁለተኛውን ትንሹን እሾኽ ወደ ታች ቢስቡት ግን፣ እንደ ጠመንጃ ቃታ፣ ቍልፉ ይፈታና ትልቁ እጥፍ ይላል። ጠላት ሲያባርረው ወይም ሌሊት መተኛት ሲፈልግ ከድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና እሾኹን አቁሞ ራሱን ይወትፋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ጎትቶ አያወጣውም። የእኛም ጭላዳ ሲመሽ ከሜዳው ተነሥቶ ከገደሉ እርከን ላይ ወርዶ ያድራል፤ ነብርም ሆነ ጅብ እንደ ልቡ አይደርስበትም። መኝታን ከጠላት መሸሸግ በባሕርም በደጋም አንድ ሥራ ነው።

የዓሣው ዐይኖች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይዞራሉ፤ አንደኛው ምግቡን ሲያይ ሁለተኛው እርስዎን ይመለከታል። ከአፉ ርቀው የተቀመጡትም በከንቱ አይደለም። ከምግቦቹ አንዱ የባሕር ጃርት ነው፤ ይህ ፍጥረት ክብ ሆኖ ዙሪያውን ሁሉ በረዣዥም መርፌ የተከበበ ነው። ባለ ቃታው ዓሣ ከአፉ ውሃ እየተፋ ጃርቱን ይገለብጠውና እሾኹ አጭር ከሆነበት ከሆዱ በኩል ይነክሰዋል። ያን ጊዜ መርፌው ፊቱን ቢወጋውም ዐይኑን አያገኘውም። መንጋጋው ደግሞ የሚያስደንቅ ነው፤ ከላይም ከታችም በውጭው ረድፍ ስምንት ስምንት ጥርስ አለው፤ ቀንድ አውጣውን ከነቅርፉ፣ ሸርጣኑን ከነጋሻው ይፈጨዋል።

ወገኑ ብዙ ነው። ከጸጥተኞቹ ነጭ አሸዋ አጠገብ የሚኖረው፣ ሠዓሊው ፒካሶ የቀባው ይመስላል ተብሎ በስሙ የሚጠራው የቀይ ባሕሩ ዘር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ይህን ዓሣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፎርስኮል የሚባለው ሊቅ ነበር፤ በዴንማርክ ንጉሥ ጉዞ ወደ ዐረብ አገር መጥቶ በ1763 በየመን ሞተ፤ የጻፈውንም ከጓደኞቹ በሕይወት የተረፈው ኒቡር በ1775 አሳተመለት። በሃዋይ ደሴቶች ያለው የዚህ ዓሣ ዘመድ ሁሙሁሙኑኩኑኩአፑአአ ይባላል፤ የዚያ ግዛት የክብር ዓሣ ነው። (ስሙን ሳያቋርጥ ሦስት ጊዜ የሚጠራ ተማሪ ካለ ከጓደኞቹ ሻይ ይጋበዝ!) ከሁሉ የሚገዝፈው ግን ታይታን የሚሉት ነው፤ እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ እንቍላሉን ሲጠብቅም ጠላቂ ዋናተኛን አሳድዶ ይነክሳል።

አሁን አንድ ለደብረ ሲና ሰው የተለየ ትርጕም ያለው ነገር ልንገርዎ። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነበር። በ1820ዎቹ ሲናንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ዞረ፤ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በምጽዋ ገብቶ በሰሜን ተራራዎች በኩል እስከ ጎንደር ድረስ መጣ። ካገሩ ተመልሶ ስለ ሐበሻ አገር እንስሳት ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ጭላዳን በ1835 በሳይንስ ስም ሰየመው፤ ዋልያንም እንዲሁ፤ ቀይ ቀበሮንም በ1840። በዚያው መጽሐፍ የቀይ ባሕርን ዓሣዎች በሚተነትነው ክፍል ውስጥ ደግሞ፣ በ1836፣ ጥቁር ሰማያዊ ገላ፣ እንደ ጨረቃ የተቀለሰ ጭራና ቀይ ጥርስ ያለውን ባለ ቃታ ዓሣ ሰየመ። እንግዲህ ከጣርማ በር አፋፍ ላይ ሣር የሚነጨው ጭላዳና ያ ቀይ ጥርስ ዓሣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ስም የወጣላቸው ናቸው። ለሩፔል ደጋውና ባሕሩ የአንድ አገር ሁለት ገጽ ነበሩ።

ወደ መስተዋቱ ገንዳ እንመለስ። ኮራል ብዙ ሰው እንደሚመስለው ድንጋይ ወይም ተክል አይደለም፤ ጥቃቅን እንስሳት ተባብረው ከኖራ የሚሠሩት ከተማ ነው። የባሕር ጃርት ከመጠን በላይ ሲበዛ ይህን ከተማ እየፋቀ፣ እየቦረቦረ ያፈርሰዋል። በኬንያ ባሕር ዳርቻ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ባለ ቃታው ዓሣ በመረብ ተጠርጎ ባለቀበት ስፍራ ጃርቱ ይበዛል፤ ኮራሉም ይጎዳል። ዓሣው በተጠበቀበት ስፍራ ግን ጃርቱ ልክ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ በባሕር ውስጥ ይህ ዓሣ የኮራሉ ዘበኛ ነው።

በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ግን ያው ጥርስ ሌላ ሥራ ይሠራል። ጃርቱ የለም፤ ስፋቱም የለም። ገንዳውን የሚያጠዱትን ሽሪምፖችና ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ይበላል፤ ትንንሾቹን ዓሣዎች ያባርራል፤ ድንጋዩን ያንከባልላል፤ ኮራሉን ይቈነጥራል፤ የማሞቂያውን ገመድ እስከ መንከስ ይደርሳል። ብዙ ስለሚበላ ብዙ ቆሻሻ ያወጣል፤ ቆሻሻውም ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ አረንጓዴ ዝቃጭ በቅሎ ኮራሉን ያፍነዋል። ክፋት ግን የለበትም። ለአንድ ሰፊ አገር የተሰጠ ዘበኛ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ቢዘጉበት የሚያደርገውን ያደርጋል። አስተዋይም ፍጥረት ነው፤ የሚያበላውን ሰው ይለያል፤ ሲራብ ከውሃው ገጽ ላይ ወጥቶ ይተፋል፤ ሲቈጣም እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ያሰማል። ባለቤቶቹ እንደ ውሻ የሚወዱት ስለዚህ ነው።

በዚህም ላይ የደብረ ሲና ዳገት የራሱን ችግር ይጨምርበታል። በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። እናቶቻችን ይህን በባቄላ ያውቁታል፤ ውሃው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላው ቶሎ አይበስልም። ዓሣው ደግሞ በሌላ መንገድ ያውቀዋል፤ ግፊቱ በቀነሰ መጠን በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በሩብ ይቀንሳል። ከባሕር ዳርቻ ለመጣ፣ እንደ እርሱም ላለ በላተኛና ብርቱ ዓሣ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ውሃውን ቀንና ሌሊት የሚያናውጥ፣ አየር የሚነፋበት መሣሪያ ያስፈልጋል። ደብረ ሲና ብርድ ስለሆነም ውሃውን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሚያቈይ ማሞቂያ ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። ሁለቱም በኤሌክትሪክ የሚኖሩ ናቸው። በክረምት ሌሊት መብራት ጠፍቶ እስኪነጋ ቢቈይ፣ ሰው ጋቢ ደርቦ ይተኛል፤ ገንዳው ግን በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛልም፣ ይታፈናልም። ባትሪ ያላዘጋጀ ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል።

ስለ ውሃውና ስለ ጨው ደግሞ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ለ30 ሳንቲ ሜትር ዓሣ ከ400 ሊትር ያነሰ ገንዳ እስር ቤት ነው። 400 ሊትር ማለት 20 ጀሪካን ነው፤ ከነመስተዋቱና ከነድንጋዩ ከ5 ኩንታል በላይ ይመዝናል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለበት፤ ቀይ ባሕር 40 ግራም ያህል ይደርሳል። እንግዲህ ለመጀመሪያው ሙሌት ብቻ 14 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል፤ በየሳምንቱም ዐሥረኛው እጅ ውሃ ሲለወጥ ኪሎ ተኩል ያህል። ከገበያ የሚገዛው የወጥ ጨው አይሆንም፤ የአሳል ሐይቅ ጨውም አይሆንም። በባሕር ውሃ ውስጥ ከወጥ ጨው ሌላ ማግኔዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ማዕድን በልኩ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ፣ ኮራሉ ቤቱን የሚሠራውም ከእነዚሁ ስለሆነ፣ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተቀመመ ጨው ከውጭ አገር ማስመጣት ግድ ነው። የወንዙም ውሃ አስቀድሞ መጣራት አለበት።

ትዕግሥቱ ደግሞ ከገንዘቡ ይከብዳል። ዓሣ የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ይህን መርዝ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት በድንጋዩ ላይ የሚራቡ ረቂቃን ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ እስኪራቡ ድረስ ገንዳው ያለ ዓሣ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ መቈየት አለበት። በጃካርታ የሚኖር ሊ ቺን ኤንግ የሚባል ሰው በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከባሕር በሕይወት ያለ ድንጋይ አምጥቶ፣ አየር ብቻ እየነፋ፣ ኮራልን ከነነፍሱ ማኖሩን ለዓለም አስታውቆ ነበር። ነገር ግን ሊ ባሕሩ ከደጁ ነበር፤ አገሩም ሙቅ፣ ከፍታውም የባሕር ወለል ነው። የእርሱን ዘዴ ለደብረ ሲና መገልበጥ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔ ግን እችላለሁ» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ምክሬ አጭር ነው። ፒካሶውንና ኮራሉን በአንድ ገንዳ አያጋቧቸው። ኮራል ከፈለጉ ኮራሉን ብቻ ከጸጥተኛ ዓሣዎች ጋር ያኑሩ። ባለ ቃታ ከፈለጉ ለእርሱ ብቻ ድንጋይና ቀዳዳ የበዛበት ሰፊ ገንዳ ይሥሩለት፤ ጥርሱ እንዳይረዝምበትም ቅርፍ ያለው ምግብ ይስጡት። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያቃተው ሰው ቢኖር ያ ሩፔል የሰየመው ቀይ ጥርስ ይሻለዋል፤ በባሕር ውስጥ የሚመገበው በውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ነፍሳት ስለሆነ ኮራሉን እምብዛም አይነካም። ይሁን እንጂ እርሱም እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስለሚያድግ ከ400 ሊትር እጅግ የሚበልጥ ገንዳ ይሻል፤ ሽሪምፕ ሲያገኝም አይምርም። የተያዘበትንም መንገድ ይጠይቁ፤ በአንዳንድ የእስያ ባሕሮች ዓሣን በሲያናይድ መርዝ እያደነዘዙ መያዝ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ክፉ ልማድ ነው፤ ኮራሉንም ይገድላል።

ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ብዙ ጊዜም ማንም አያነሣውም። ይህ ዓሣ በመልካም አያያዝ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። ሠራተኛው ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት የዝውውር ደብዳቤ ይደርሰዋል። አልጋና ወንበር በጭነት መኪና ይሄዳል፤ ጠረጴዛ ለጎረቤት ይሸጣል። ባሕርን ግን ማን ይረከባል? ለቢሮ ጓደኛ ቍልፍ እንደሚያስረክቡ የሚያስረክቡት ነገር አይደለም። ተማሪም ቢሆን ፈተናውን አልፎ ወደ ዩኒቨርስቲ ሲሄድ ያው ነው። በእኔ በኩል፣ በደብረ ሲና የሚኖር ሰው ይህን ዓሣ በዳገት ከሚያወጣው ይልቅ፣ እርሱ ራሱ ወርዶ ቢያየው ይሻላል እላለሁ።

ሲወርድም የሚያልፍበት አገር የባሕር አገር መሆኑን ያስብ። የደብረ ሲና አፋፍ የስምጥ ሸለቆው ዳር ነው፤ ምድር ተሰንጥቃ ቀይ ባሕርን የወለደችበት ያው ስንጥቅ በአፋር በኩል እስከ እኛ ይመጣል። በሰሜን አፋር፣ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዳሉል አገር፣ ከዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ገብቶበት ነበር። ባሕሩ ደርቆ ጨዉ ቀረ፤ ከጠረፉ ላይ ግን ኮራሉ ደንጊያ ሆኖ ዛሬም ቆሟል። ግመል ነጂ አሞሌውን ጭኖ ሲያልፍ ግመሉ በኮራል ስብርባሪ ላይ ይረግጣል። ባለ ቃታ ዓሣዎች በዚያ ቋጥኝ መካከል ይዋኙ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከደብረ ሲና በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ አድርገው ሚሌ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጋላፊ ኬላ ወደ ጅቡቲ ይገባሉ። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ደግሞ በ2016 በተመረቀው ባቡር መጓዝ ይችላል። ፓስፖርትዎን አይርሱ። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት የሙሻ ደሴቶች አሉ፤ በጀልባ ይሄዳሉ። የመዋኛ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ካለዎት ጥልቅ ውሃ አያስፈልግዎም፤ ፒካሶው ከአሸዋው ዳር፣ ወገብ ከማይደርስ ውሃ ጀምሮ ሊገኝ ይችላል። መጀመሪያ ያይዎታል፤ ከዚያ ወደ ቀዳዳው ይገባል፤ እርስዎ ዝም ብለው ከተንሳፈፉ ግን ተመልሶ ይወጣል። ከጥልቁ በኩል ትልቁ ታይታን እሾኹን አቁሞ ወደ እርስዎ ቢመጣ ከሥርዎ ጎጆው አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ላይ አይሽሹ፤ የሚጠብቀው ግዛት ከጎጆው ተነሥቶ እየሰፋ እስከ ውሃው ገጽ ይወጣልና። ፊትዎን ወደ እርሱ አድርገው፣ መዋኛ ጫማዎን በመካከላችሁ ይዘው፣ ወደ ጎን ቀስ ብለው ይራቁ።